ልጄ፣ ወንዙ የት ሄደ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን ኮሚናል ውስጥ ስለ ካርታ ያወራሁትን በጽሑፍ አድርግልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ሰፈራችን ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ነው። ያልኩትን እንዳለ ለማስፈር ሞክሬያለሁ። በየመሃሉ ያስገባችሁትን ወሬም አላወጣሁትም። ንግግሩን ያዳነው እሱ ስለሆነ።

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፕሮጀክተር ተውሼ፣ ላፕቶፔን ቻርጅ አድርጌ ነበር የመጣሁት። መብራቱ ግን እንደምታዩት እኔን አልጠበቀም። ላፕቶፑ ይሠራል፣ ግን ለሃምሳ ሰው በዚያች ስክሪን ምን ላሳይ? ስለዚህ ዛሬ ያለኝ ይሄ ትልቅ ወረቀት፣ ማርከር፣ ቡና ከምታፈላልን እህታችን የተዋስኩት ስኒ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና ሁለት የሚያሳልፍ ፌስታል ነው። ስጠራው ያስቃል። ለዛሬው ጉዳይ ግን ይበቃል።

ሥራዬ ጂ.አይ.ኤስ ነው፤ የቦታ መረጃን በኮምፒውተር መያዝና መተንተን ማለት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ካርታ ትሠራለህ አይደል?» ይለኛል። እሠራለሁ። ግን ካርታው የመጨረሻው ነገር ነው። ሥራው ካርታውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ይሄ እዚያ ውስጥ ነው ወይ? ያ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ሁለቱ የሚደራረቡት የት ላይ ነው? የዛሬው ርዕስ ቬክተር ትንተና ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ከእነዚህ ጥያቄዎች አያልፍም።

ቬክተር ማለት መሬት ላይ ያለውን ነገር በነጥብ፣ በመስመርና በፖሊጎን መያዝ ነው። ቦኖው ነጥብ ነው። ኮብሉ መስመር ነው። ግቢያችን ዙሪያው ተዘግቶ ስፋት ያለው ስለሆነ ፖሊጎን ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የነጥቦቹን ቁጥር ብቻ ነው፤ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ሰሜን ይህን ያህል። ከእያንዳንዱ ጋር ደግሞ እንደ ዕድር መዝገብ አንድ ረድፍ ጽሑፍ ይሄዳል። የቦኖው ስም፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ስንት ቧንቧ እንዳለው። የሳተላይት ፎቶ ሌላ ነው። እሱ በትንንሽ ካሬዎች የተሞላ ነው፣ ራስተር ይባላል፣ ዛሬ አንነካውም።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። ይሄ የተቀመጥንበት ሕንፃ በሰፈር ካርታ ላይ ፖሊጎን ነው። በአዲስ አበባ ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ጭራሽ የለም። ነጥብ ነው ወይስ ፖሊጎን የሚለውን የሚወስነው ጥያቄያችሁ ነው።

አሁን ስኒዋን እንይ። ይቺ ወረቀት ላይ ያለችው ነጥብ የታችኛው ቦኖ ናት። ስኒዋን ገልብጬ ነጥቧ ላይ እደፋና ዙሪያዋን በማርከር እዞራለሁ። ይኸው። ይሄ በፈር ይባላል። የስኒዋ አፍ ግማሽ ስፋት በካርታው ልክ 500 ሜትር ነው ብንል፣ ክቡ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ከቦኖው በ500 ሜትር ውስጥ ነው ማለት ነው። ለመስመርም ይሠራል። ለመንገድ ስኒዋን መስመሩ ላይ እያንሸራተቱ መሄድ ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ መቀነት ይወጣል። ወንዝ ዳር ቤት እንዳይሠራ ሲባል፣ መንገድ ሲሰፋ፣ መጀመሪያ የሚሠመረው ይሄ መቀነት ነው። እዚህ ላይ ከየት ተለካ ብላችሁ ጠይቁ። ከወንዙ መሃል እና ከወንዙ ዳር መለካት አንድ አይደለም። ወንዙ 20 ሜትር ስፋት ካለው፣ በየጎኑ የ10 ሜትር ልዩነት አለ። አሥር ሜትር ደግሞ የአንድ ሰው ሳሎንና ኩሽና ነው።

ለሥራው ሰዎች ብቻ አንድ ነገር ላክል፣ ሌሎቻችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ክብ ክብ አይደለም፤ ብዙ ጎን ያለው ፖሊጎን ነው። ኪውጂስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር እንዳለ ብትተዉት ሩብ ክቡን በ5 መስመር ነው የሚሠራው፤ ሙሉው 20 ጎን ይሆናል። የ500 ሜትሩ ክብ እውነተኛ ስፋት 785,000 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። 20 ጎን ያለው 772,500 ገደማ ይሆናል። ከአንድ ሄክታር በላይ ጠፋ። ቁጥሩን ከፍ አድርጉት፣ ምንም አያስከፍልም።

ስኒዋን አንስቼ «እንግዲህ ክቡ ውስጥ ያሉት አባወራዎች ውሃ ቅርባቸው ነው» አልኩ። ከኋላ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ወንዙ የት ሄደ?»

«የቱ ወንዝ እማማ?»

«ከአራተኛው ብሎክ ጀርባ ያለው ነዋ! እኔ እኮ ጀሪካን ተሸክሜ በስኒ ላይ አልሄድም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ያሉት በዚህ ሙያ ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ነው። በፈር እንደ አሞራ ነው የሚለካው። ቀጥታ። ገደል አያውቅም፣ አጥር አያውቅም፣ ወንዝ አያውቅም። ከእሳቸው ብሎክ እስከ ቦኖው በአሞራ 300 ሜትር ቢሆን ነው። በእግር ግን ወደ ላይ ወጥተው፣ በአስፋልቱ ድልድይ ዞረው፣ በኮብሉ ይወርዳሉ። ሲመለሱ ደግሞ 20 ሊትር ጀርባ ላይ አለ።

ሲባጎው ለዚህ ነው የመጣው። ሁለት ልጆች ጠርቼ ወረቀቱ ላይ ሲባጎውን በመንገዱ እያጠማዘዙ ከብሎኩ እስከ ቦኖው እንዲዘረጉት አደረግኩ። ከዚያ ቀጥ አድርገው ከስኒዋ ጋር አስተያዩት። የስኒዋን ግማሽ ስፋት ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቀጥታው 300፣ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ። እማማ «ነገርኩህ» አሉ።

ይሄ ኔትወርክ ትንተና ነው። መንገዶቹ መስመር፣ መገናኛዎቹ ነጥብ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ዋጋ አለው። ዋጋው ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ጀሪካን ለተሸከመ ሰው ዳገቱ ሲወጡና ሲወርዱ ዋጋው አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ መስመር ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አጭሩን መንገድ የሚፈልገውን ስሌት ያወጣው ዳይክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው ካፌ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ፣ በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ በጭንቅላቱ እንደሠራው ራሱ ተናግሯል። ያሳተመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከመነሻህ በጣም ቅርብ የሆነውን መገናኛ ያዝ። ከዚያ የሚደረስባቸውን አስላ። ካልተያዙት ውስጥ እንደገና ለመነሻህ በጣም ቅርቡን ያዝ። መድረሻህ ላይ እስክትደርስ ቀጥል።

ችግሩ ስሌቱ ላይ ሳይሆን መስመራችሁ ላይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ሰፈር የመንገድ ኔትወርክ ሠርቼ፣ ኮምፒውተሩ ከአንድ ግቢ ወደ ማዶው ሱቅ ለመሄድ ሰባት ኪሎ ሜትር አዞረኝ። ቀኑን ሙሉ ስሌቱን ስጠራጠር ዋልኩ። ማታ አጉልቼ ሳየው ኮብሉ አስፋልቱ ላይ አልደረሰም። የሠመረው ልጅ በ30 ሳንቲ ሜትር አሳጥሮ አቁሞታል። በዓይን አይታይም። ለኮምፒውተሩ ግን 30 ሳንቲ ሜትርም ገደል ነው፣ አይዘለውም። ልጁ እኔ ነበርኩ፣ ለመናገር አፍሬ ነው። ስትሠምሩ ስናፕ የሚባለውን አብሩት፤ መስመሩ ሲጠጋ ራሱ ይያያዛል።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጠ ወጣት «ለደላላ ይጠቅማል?» አለኝ። ደላላ እኮ ካሁኑ ተንታኝ ነው። «አስፋልት ዳር» ሲል በፈር ነው። «ከአስፋልት አምስት ደቂቃ ገባ ብሎ» ሲል ኔትወርክ ነው፤ በመኪና ይሁን በእግር አይነግራችሁም እንጂ።

አሁን ሌላ ነገር። 500 ስንል 500 ምን? ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ቁጥር በዲግሪ ነው፤ 9 ነጥብ ምናምን ሰሜን፣ 38 ነጥብ ምናምን ምሥራቅ። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌየራችሁ፣ ማለትም የምትሠሩበት የካርታ ድርብ፣ በዲግሪ ሆኖ በፈር 500 ብላችሁ ብትሰጡት 500 ዲግሪ መስሎት ዓለምን ሁሉ ይውጣል። ይሄስ ደግ ነው፣ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሜትር ይለወጣል። ዓለምን በዞን ከፋፍሎ በሜትር የሚለካው ሥርዓት ዩቲኤም ይባላል፤ አዲስ አበባ ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት።

የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ድሮ የታተሙት ባለ 1፡50,000 ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ላይ የተሠሩ ናቸው። ስልክና ጂ.ፒ.ኤስ ደግሞ ደብሊው.ጂ.ኤስ 84 የሚባለውን ይጠቀማል። ሁለቱም ሜትር ነው፣ ሁለቱም ዞን 37 ነው፣ ቁጥሩም ይመሳሰላል። ሳይለውጡ አንዱን በሌላው ላይ ሲጭኑት ግን ከ200 ሜትር በላይ ይሳሳታሉ። ድሮ ተቀጥሬ በነበረበት ቦታ አንድ ሙሉ መንደር ወንዝ ውስጥ ገብቶ አይቻለሁ። ወንዙ ከአሮጌው ካርታ፣ ቤቶቹ ከጂ.ፒ.ኤስ። አለቃዬ «እነዚህ ሰዎች እንዴት ወንዝ ውስጥ ሠሩ?» ብሎ ሊጽፍባቸው ነበር።

ወደ ፌስታሎቹ። አንዱ ላይ የወረዳዎቹን ድንበር ሠመርኩ። ሌላው ላይ ክረምት ጎርፍ የሚተኛበትን ቦታ። አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩት። ይሄ ኦቨርሌይ ነው። የሚደራረበውን ብቻ ከያዛችሁ ኢንተርሴክት። ሁሉንም ከነቁርጥራጩ ከያዛችሁ ዩኒየን። በአንዱ ቅርጽ ሌላውን እንደ ሊጥ ከቆረጣችሁ ክሊፕ። በተቃራኒው ጎርፍ ያለበትን አውጥታችሁ ቀሪውን ከያዛችሁ ዲፈረንስ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጎረቤት ፖሊጎኖች ድንበራቸውን አፍርሳችሁ አንድ ካደረጋችሁ ዲዞልቭ። የሁለት ቦኖ ክቦች ሲደራረቡ ዲዞልቭ ካላደረጋችሁ መሃል ያለው አባወራ ሁለቴ ይቆጠራል። ሪፖርት ላይ ውሃ ያገኘው ሰው ከሰፈሩ ሰው የሚበልጠው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ይሄን ወደ ኮምፒውተር ያመጣው ሮጀር ቶምሊንሰን ነው። ካናዳ ውስጥ ካርታና የአየር ፎቶ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ሳለ ሥራ መጣ፤ ኬንያ ውስጥ ለደን ልማት የሚሆን ቦታ ምረጡ የሚል። አፈሩን፣ ዳገቱን፣ መንገዱን፣ የዱር አራዊቱን ካርታ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነው። በእጅ ሲሰላ ዋጋው አልቀመስ አለና ቀረ። እሱን ግን ነገሩ አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የካናዳን መሬት የሚመዘግብ ሥርዓት ሠራ፤ የመጀመሪያው ጂ.አይ.ኤስ የሚባለው እሱ ነው። ጥያቄው ከእኛው ጎረቤት ከኬንያ መነሳቱ ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ አወራዋለሁ።

ሁለቱን ፌስታሎች ስደርብ ወንዙ ላይ የሆነውን አያችሁ? የወረዳው ድንበርም ወንዙ ነው፣ የጎርፉ ጠርዝም ወንዙ ነው። ግን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ቀን ስለተሠመረ፣ እጁ አንድ ቢሆንም አይገጥምም። በመሃላቸው ቀጫጭን ነገር ወጣ። ስንጥር ይመስላል። በሙያው ስሊቨር ይባላል፣ እኔ ስንጥር ነው የምለው። ኮምፒውተሩ እንደ መሬት ይቆጥረዋል፣ ስፋት ይሰጠዋል። አንዷ ስንጥር ምንም አይደለችም። ሺህ ስንጥር ሲሆን ግን ማንም የማይኖርበት ሰፈር ሪፖርታችሁ ውስጥ ይበቅላል።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ግን የሚከተለው ይሁን። አንድ ወረዳ 20,000 ሰው አለው እንበል። በመሃሉ የጎርፉ ፖሊጎን ገብቶ ግማሹን መሬት ቆረጠው። ስንት ሰው ጎርፍ ውስጥ ነው? ክሊፕ ያደረገ ጀማሪ የመረጃ ሰንጠረዡን ከፍቶ 20,000 ይላል። መቁረጫው መሬቱን ቆረጠ እንጂ ረድፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አልነካውማ። ትንሽ የገባው ደግሞ «ግማሽ መሬት፣ ግማሽ ሰው» ብሎ 10,000 ይላል። የድሮው ፒያሳ ቢሆን አልጣላውም፤ ቤቱ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፣ ብዙም ላይስት ይችል ነበር።

እዚህ ግን በመስኮት ተመልከቱ። በቀኝ በኩል ኮንዶሚኒየም አለ፣ አራት ፎቅ፣ አምስት ፎቅ፣ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል። በግራ በኩል ጤፍ ነው። አንድ ጎጆ፣ ሁለት በሬ፣ ከዚያ እንደገና ጤፍ። ሁለቱም አንድ ወረዳ ናቸው። ጎርፉ የያዘው ግማሽ ጤፉን ከሆነ እዚያ ያለው ምናልባት 200 ሰው ነው። ኮንዶሚኒየሙን ከሆነ 19,800። መልሱ ከ200 እስከ 19,800 ሊዘረጋ ይችላል፣ እኛ ግን 10,000 ብለን ፈርመናል። የከተማ ዳር ላይ ሰው በመሬት ስፋት አይካፈልም። እዚህ መጀመሪያ የሕንፃዎቹን ፖሊጎን ታመጣላችሁ። ሰውን በየሕንፃው፣ ከተቻለ በየፎቁ ታካፍላላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምትቆርጡት። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ መልሱ አብሮ ይገለበጣል።

የትኛው ቤት የትኛው ፖሊጎን ውስጥ እንደሆነ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በልጆች ጨዋታ ነው። ጣትህን ቤቱ ላይ አድርግና ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለህ ውጣ። ድንበሩን ስንት ጊዜ አቋረጥክ? 1፣ 3፣ 5 ከሆነ ውስጥ ነበርክ። 0፣ 2፣ 4 ከሆነ ውጭ ነበርክ። አንድ ትንሽ ልጅ እንደ ትል የተጠማዘዘ ድንበር ሠርቶ ሊያሳስተኝ ሞክሮ አልቻለም። በዚህ ተቆጥሮ የወረዳው ስም ከቤቱ ረድፍ ላይ ሲለጠፍ ስፓሻል ጆይን ይባላል። ድንበር ሲቀየር ይሄ ሁሉ እንደገና ነው። ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ክፍለ ከተማ ሲሆን ማንም ቤቱን አላንቀሳቀሰም፣ ሰንጠረዥ ግን ስንቱ ተለወጠ።

«ታዲያ እያንዳንዱ ቤት የየትኛው ቦኖ ነው?» ብለን ቤቶቹን ለየቦኖው ስንከፋፍል፣ የቀደመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ኮሌራ ገብቶ፣ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ሞቱ ብሮድ ስትሪት ያለችው አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ ታየ። ይሄን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ የማይወራው ቀጥሎ የሠራው ነው። ከዚያች ፓምፕና ከሌሎቹ እኩል የሚርቁትን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር አሠመረ። የለካው ግን በአሞራ አልነበረም። ሰው ባልዲ ይዞ በሚሄድበት መንገድ ነው። እማማ ለንደን ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ ጥያቄ ሆነ። ሶፍትዌሩ ስንት ነው? ኪውጂስ ነፃ ነው፣ የማይረባ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። መንገዱስ ከየት ይመጣል? ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ብዙው ተሠምሯል፣ የጎደለውን ማንም መጨመር ይችላል። የሕንፃ ቁጥር የለንም፣ እንዴት እናደርጋለን? ይሄኛው ራሱን የቻለ ቅዳሜ ይፈልጋል።

ሰው ሊበተን ሲል እማማ ወደ ወረቀቱ መጡ። ማርከሩን ተቀበሉኝ። ከአራተኛው ብሎክ ጀርባ፣ እኔ ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ፣ ወንዙን አቋርጠው አንድ አጭር መስመር አሠመሩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግንድ ነው። ሁለት ግንድ ጎን ለጎን አጋድመውታል። ልጆቹ በዚህ ነው የሚሻገሩት። እኔም በጋ በጋውን።»

የትም ካርታ ላይ የለም። ሲባጎውን እንደገና ዘረጋነው። 1,400 የነበረው 450 ገደማ ሆነ፤ በስኒዋ ክብ ውስጥ ገባ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ክረምትስ?» አልኳቸው።

«ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ይወስደዋል። መስከረም ላይ ሌላ ያጋድማሉ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ መስመሯን ሠመርኳት። ስናፕ አብርቼ ነው። ሰንጠረዡ ላይ አዲስ ዓምድ ጨምሬ «ከመስከረም እስከ ሰኔ» ብዬ ጻፍኩ። እማማ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አነበቡትና «ሰኔን አውጣው፣ ሰኔ ላይ ያዳልጣል» አሉኝ። አወጣሁት።